የብራቾ ጎሚኒ ቶሎ ቶሎ ሲቀደድ፦ ዳዶው መኪናው የት ሆኖ ጠበቀ?

ጥያቄው፦ «ሃይስ ሚኒባስ አለኝ። ከፍኖተ ሰላም ደብረ ማርቆስ፣ አንዳንዴም እስከ ደጀን ይሠራል። በስድስት ወር ውስጥ የፊት የታችኛው ብራቾ (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ጎሚኒ (መያያዣው ላይ ያለው ላስቲክ) ሁለት ጊዜ ተቀይሮ ሁለቱም ተቀደደ። አንዱ መካኒክ ‹ቶርኖ ቤት የብረት ቦኮላ (ቡሎን ውስጡ የሚዞርበት ቱቦ) አስቀርጽና ተገላገል› ይለኛል። ሌላው ከአሮጌ ጎማ ቆርጦ ሊሠራልኝ ይፈልጋል። ሦስተኛው ደግሞ ጠንካራውን ፕላስቲክ መሰል አስገባ አለኝ። የማንን ልስማ?»

ወንድሜ፣ ሦስቱንም ምክር ለጊዜው ወደ ጎን አድርጋቸው። ደህና ጎሚኒ ከፍኖተ ሰላም ማርቆስ ባለው አስፋልት ላይ በሦስት ወር አይቀደድም። በተከታታይ ሁለት ጊዜ ከተቀደደ መጠርጠር ያለበት ዕቃው ብቻ ሳይሆን አገባቡም ነው። ከአገባብ ስህተት ሁሉ የሚበዛው ደግሞ አንድ ነው፦ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ፣ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ የብራቾውን ቡሎን ጨርሶ ማጥበቅ። ስለዚህ መካኒክህን ከሁሉ አስቀድመህ «ዳዶውን (የቡሎኑን ማሰሪያ) ያጠበቅኸው መኪናው አየር ላይ እያለ ነው ወይስ መሬት ከያዘ በኋላ?» ብለህ ጠይቀው። መልሱ «አየር ላይ» ከሆነ ገንዘብህን የበላው ምን እንደሆነ አውቀሃል ማለት ነው።

የብራቾ ጎሚኒ ሦስት ነገር ነው። ውስጡ የብረት ቱቦ፣ ውጩ የብረት ቀለበት፣ በመካከላቸው ደግሞ ፋብሪካ ውስጥ በማጣበቂያና በሙቀት ከሁለቱም ብረት ጋር አንድ አካል የሆነ ላስቲክ አለ። የውጩ ቀለበት በፕሬሳ ተገፍቶ ብራቾው ውስጥ ይቀመጣል። የውስጡ ቱቦ በሻንሲው (በመኪናው አጽም) ሁለት ጆሮዎች መካከል ገብቶ በቡሎንና በዳዶ ይጨበጣል፤ ጫፎቹ ላይ ያለው ሸካራ ጥርስም እንዳይዞር የተሠራ ነው። እንግዲህ ውስጡ ከሻንሲው ጋር ቆሟል፣ ውጩ ከብራቾው ጋር ይንቀሳቀሳል። ጎማው ወጣ ወረደ ባለ ቁጥር የሚጠመዘዘው ላስቲኩ ራሱ ነው። በዚህ ዕቃ ውስጥ የሚሽከረከርም የሚንሸራተትም ነገር የለም። ኩሽኔታ አይደለም፣ ቦኮላም አይደለም። ይህችን ነገር የሳተ ሰው ግራሶ ይቀባዋል፣ በብረት ይተካዋል፣ ተንጠልጥሎ ያጠብቀዋል።

በቁጥር እንየው። ከቡሎኑ እስከ ቴስቲናው (ብራቾው ከጎማው ጋር የሚገናኝበት መጋጠሚያ) 35 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ብራቾ ውሰድ። መኪናው ተነሥቶ ጎማው 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ሲንጠለጠል ብራቾው 17 ዲግሪ ያህል ይዞራል። ዳዶው እዚያ ላይ ከጠበቀ ላስቲኩ እንደ ዕረፍቱ የሚቆጥረው ያንን ቦታ ነው። መኪናው መሬት ሲይዝ 17 ዲግሪ ተጠምዝዞ ይቆማል፤ ማታ ግቢ ውስጥ ቆሞ ሳለ እንኳ ተጠምዝዞ ያድራል። ጠዋት ደምበጫ መግቢያ ላይ ካለው ጉብታ ጎማው ሌላ 7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ሲገፋ ጥምዘዛው ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። የውስጡ ቱቦ የውጭ ዲያሜትር 24 ሚሊ ሜትር፣ የላስቲኩ ውፍረት 8 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ቱቦውን የያዘው የላስቲክ ገጽ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ጎን ተጎተተ ማለት ነው፤ የውፍረቱን ሦስት አራተኛ። ቡሎኑ መሬት ላይ ጠብቆ ቢሆን ኖሮ ያው ጉብታ የሚጠይቀው 12 ወይም 13 ዲግሪ ነበር፤ መጎተቱም ከ3 ሚሊ ሜትር አያልፍም። ላስቲክ ወዲያና ወዲህ በትንሽ በትንሹ ሲወዛወዝ ለዓመታት ይችላል። ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ተወጥሮ እዚያው ላይ ሲመታ ግን ከቱቦው ሥር መሰንጠቅ ይጀምራል፤ ስንጥቁ አንዴ ከጀመረ ደግሞ አይቆምም።

አሁን የወለቀውን አሮጌ ጎሚኒ አምጣና ተመልከተው። ጋራዥ ውስጥ ቀርቶ ከሆነ ሄደህ ለምነህ ተቀበል፤ ምንም ዓይነት መሣሪያ የማይነግርህን ይነግርሃል። ቅዱ የውስጡን ቱቦ ተከትሎ ዙሪያውን ዞሮ፣ ቱቦው ላይ ግን የላስቲክ ቅሪት ተጣብቆ ካገኘህ ላስቲኩ ራሱ ከአቅሙ በላይ ተጠምዝዞ ተበጥሷል፤ ከላይ ያልኩት የአጠባበቅ ስህተት ምልክት ይህ ነው። ቱቦው ተልጦ እንደ ታጠበ ብረት ንጹህ ሆኖ ከወጣ ግን የተበጠሰው ላስቲኩ ሳይሆን ማጣበቂያው ነው፤ ያኔ ዕቃው ከፋብሪካው ጀምሮ ደካማ ነበር ወይም በሙቀት ተጎድቷል። ላስቲኩ አብጦ፣ ለስልሶ፣ በጣት ሲነካ ጥቁር የሚያቀባ ከሆነ ዘይት ወይም ናፍጣ ገብቶበታል። ደርቆ፣ በበጋ እንደተሰነጣጠቀ መረሬ መሬት ሆኖ፣ በጥፍር ሲጫር የሚፈረፍር ከሆነ አርጅቶ የተሸጠልህ ወይም ከተፈጨ አሮጌ ላስቲክ የተሠራ ነው።

ሌላም አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚታለፈው እሱ ነው። ላስቲኩ ደህና ሆኖ የውስጡ ቱቦ ቀዳዳ ሞላላ ከሆነ፣ ወይም ቡሎኑ አካል ላይ ቀለበት የመሰለ የሚያብለጨልጭ የመበላት ምልክት ካለ፣ ዳዶው ላልቶ ቱቦው በቡሎኑ ላይ ሲዞር ኖሯል። ድምፁ ልክ እንደተበላ ጎሚኒ «ኳ ኳ» ይላል፤ ሰው ጎሚኒውን ይቀይራል፤ የተበላው ቡሎን ግን እዚያው ይቀራል፤ ኳኳታውም በሁለት ሳምንት ይመለሳል። እንዲህ ካገኘህ ቡሎኑን ከዳዶው ጋር በአዲስ ቀይር፤ የሻንሲው ጆሮ ቀዳዳም ሞላላ እንዳልሆነ አዲሱን ቡሎን አስገብተህ በማወዛወዝ አረጋግጥ።

በመጨረሻም ላስቲኩ በአንድ ጎን ብቻ ተጨፍልቆ ቱቦው ከመሐል ከሸሸ ነገሩ ከጭነት ወይም ከመጣመም ነው። ብራቾው ተጣሞ እንደሆነ ከሌላኛው ጎን ብራቾ ጋር አስተያየው። ለብራቾው መምቻ የተቀመጠችው ላስቲክ ጠፍታ እንደሆነ እይ። አሞርዛተሩ (የመኪናውን መወዛወዝ የሚያበርደው) ሞቶ እንደሆነም ሞክር፦ መኪናውን በጥግ ጫን አድርገህ ስትለቀው አንዴ ተመልሶ መቆም አለበት። ቴስቲናውም ከደረቀ ብራቾው በነጻነት ስለማይዞር ያ ኃይል ሁሉ ጎሚኒው ላይ ያርፋል።

አዲሱን ስትገዛ ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ የከረመውን አትውሰድ። እንደ ማርቆስና እንደ ኮሶበር ባለ ከፍታ ፀሐዩ ቆዳን የሚያነደውን ያህል ላስቲክንም ያደርቃል፤ ከጨለማ መደርደሪያ፣ በላስቲክ ከረጢት ከታሸገው ይውጣልህ። ጎሚኒውን በሁለት እጅህ ይዘህ ጫፉን ተመልከት፦ ላስቲኩ ከብረቱ ጋር የሚገናኝበት ክፈፍ ምንም ክፍተት የሌለው መሆን አለበት። ከዚያ ቡሎን አስገብተህ በዳዶ ጨብጠውና በቁልፍ ትንሽ አዙረው፤ ስትለቀው ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ዞሮ እዚያው ከቀረ ላስቲኩ ብረቱን አልያዘም፣ መልሰው። አሮጌው ላይ የውጩን ዲያሜትር፣ የቱቦውን ርዝመትና የቀዳዳውን ስፋት በካሊፐር ለክተህ ሂድ። የቱቦው ርዝመት 1 ሚሊ ሜትር እንኳ ቢያጥር የሻንሲው ጆሮዎች ቱቦውን ሳይጨብጡ ዳዶው ጠበቀ ይመስላል። ሁልጊዜ ግራና ቀኝ አብረው ይቀየሩ፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ ፍሬን ስትይዝ መሪው ወደ አንዱ ጎን ሊጎትትህ ይችላል።

ወደ ሥራው እንምጣ። አንድ ማስጠንቀቂያ አስቀድሜ ልናገር፦ አዲሱ አፍንጫ ያለው ሞዴል ካልሆነ በስተቀር የሃይስ የፊት እግር የሚሸከመው በሞላ (በተጠቀለለው ስፕሪንግ) ሳይሆን በቶርሽን ባር ነው። ይህ የተጠመዘዘ ብረት የመኪናውን ግማሽ ፊት ተሸክሞ ተወጥሯል፤ ሳይላላ ብራቾ የፈታ ሰው ጣቱን ወይም ከዚያ የባሰ ሊያጣ ይችላል። መኪናው ገና መሬት ላይ እያለ ከቸርኬው መሐል እስከ ፓራፋንጉ (የጎማው መሸፈኛ) ጠርዝ ያለውን ቁመት በሁለቱም ጎን ለክተህ ጻፍ፤ 42 ሴንቲ ሜትር ይሁን 44 ይህ ቁጥር በኋላ ያስፈልግሃል። ቀጥሎ የባሩን ማስተካከያ ቡሎን ፈልግና ከዳዶው በላይ የወጣውን ጥርስ ርዝመት ለካ፤ ባሩና መያዣዎቹ ሁለቱም ጫፍ ላይ በቀለም መስመር ይሰመርባቸው። የግራና የቀኝ ባር አይለዋወጥም፤ እያንዳንዱ የሚጠመዘዝበት አቅጣጫ ተወስኖ የተሠራ ስለሆነ ምልክት አድርግባቸው። መኪናው በካቫሌቶ (በቋሚ የብረት መደገፊያ) ላይ ይረፍ፤ በክሪክ ብቻ ቆሞ ሥሩ መግባት አይገባም። ከዚህ በኋላ ማስተካከያው ሙሉ በሙሉ ሲላላ ብራቾው ከጭነት ነጻ ይሆናል።

ብራቾው ከወረደ በኋላ፣ አሮጌውን ከማውጣትህ በፊት፣ ጎሚኒው ከብራቾው ጠርዝ ስንት ሚሊ ሜትር እንደወጣ በሁለቱም በኩል ለካ። ላስቲኩ ውስጥ ክፍት ቀዳዳ ወይም ጨረቃ መሰል ክፍተት ካለበት በየት አቅጣጫ እንደሚያይ ብራቾው ላይ በነጥብ ምታበት። ያ ክፍተት ለጌጥ ወይም ላስቲክ ለመቆጠብ የተተወ አይደለም። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ብራቾው በዚያ በኩል ትንሽ እንዲሸሽ፣ በሌላው በኩል ግን እንዲጠና ታስቦ የተሠራ ነው። 90 ዲግሪ ዞሮ ከገባ የሚለሰልሰው ጎን ይጠናል፣ የሚጠናው ይላላል፤ መኪናው ይቅበዘበዛል፣ ላስቲኩም በወራት ይቀደዳል።

አሮጌውን ሲያወጣ ብዙ ጋራዥ እሳት ይለቃል። ላስቲኩ ይቃጠላል፣ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል፣ ብራቾውም እየጋለ ጥንካሬውን ያጣል፤ ቀለሙ ተልጦ ስለሚቀርም በአንድ ክረምት ይዝጋል። እሳት አያስፈልግም። ፕሬሳ ካለ የውጩን ቀለበት ብቻ የሚነካ ድጋፍ አድርገህ ግፋው። ቀለበቱ ዝጎ እምቢ ካለ ላስቲኩን በመሰርሰሪያ አላልተህ ቱቦውን አውጣ፤ ከዚያ የሴጌቶ (የብረት መጋዝ) ምላጭ በቀዳዳው አስገብተህ ቀለበቱን ከውስጥ ወደ ውጭ በርዝመቱ ቁረጠው። ብራቾው ብረት ጋ ስትደርስ አቁም፤ የቀረችው ስስ ብረት በመሮ ወደ ውስጥ ስትታጠፍ ቀለበቱ ራሱ ይላላል።

ፕሬሳ በሌለበት ማስገባትም ይቻላል። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ጠንካራ ቡሎን ከነዳዶው፣ የውስጥ ዲያሜትሩ ከጎሚኒው 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ አጭር የውኃ ቱቦ፣ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ክብ ብረቶች ይበቃሉ። ቱቦው ከብራቾው በወዲያ በኩል ይደገፋል፣ ክቡ ብረት በወዲህ በኩል የጎሚኒውን የውጭ ቀለበት ይገፋል፤ ዳዶውን ስታጠብቅ ጎሚኒው እየተሳበ ይገባል። ግፊቱ በላስቲኩ ወይም በውስጡ ቱቦ ላይ ካረፈ ገና ሳይሠራ ማጣበቂያው ይለቃል፤ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። መዶሻም በዚሁ ምክንያት አይፈቀድም። የብራቾውን ቀዳዳ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ዝገቱን አውጥተህ በሳሙና ውኃ አርጥበው፤ ሳሙናው በኋላ ደርቆ ይጠፋል። ጎሚኒው ጋደም ብሎ መግባት ከጀመረ አትገፋበት፣ አውጥተህ ቀጥ አድርገህ ጀምር።

ሲገባ ኃይል መጠየቅ አለበት። ቀለበቱ ከቀዳዳው በጥቂቱ ይበልጣል፤ የሚይዘውም ይኸው መጣበብ ነው። በእጅ ከገባ ቀዳዳው ሰፍቷል። እዚህ ላይ ሁለት ሦስት ቦታ በብየዳ መንከስ በየጋራዡ የተለመደ ነው፤ እባክህ አትፍቀድ። የብየዳው ሙቀት ቀጭኑን ቀለበት አልፎ ላስቲኩን ከብረቱ ያላቅቀዋል፤ ንጹህ ሆኖ የተላጠ ቱቦ ካገኘህ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ቀዳዳው የሰፋ ብራቾ ይቀየራል፤ ሌላ ደህና መላ የለውም።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። ብራቾውን ወደ ቦታው መልስ። በቡሎኑ አካል ላይ ዝገት እንዳይዘው ስስ ግራሶ ይቀባ፤ የቱቦው ጫፎች፣ የጆሮዎቹ ውስጥና የቡሎኑ ጥርስ ግን ደረቅና ንጹህ ይሁኑ። ዳዶውን በጣት አዙረህ ቡሎኑ እስኪጠጋ ብቻ አስይዘው፣ አታጥብቀው። ቶርሽን ባሩን ወደ ጻፍከው የጥርስ ርዝመት መልሰህ ጎማውን እሰር፤ መኪናውን ወደ መሬት አውርድ። የጋራዥ ጉድጓድ ከሌለ አራቱም ጎማዎች 15 ሴንቲ ሜትር ያህል በሚወፍር ሰፊ ጣውላ ላይ ይውጡና እጅህን የምታስገባበት ቦታ ታገኛለህ። ፊቱን አራት አምስት ጊዜ ጫን ለቀቅ አድርገው፣ ወደፊትና ወደኋላ አንድ ሁለት ሜትር ግፋው። ቁመቱን ለካ፤ በመጀመሪያ ከጻፍከው ከተለየ አሁኑኑ በባሩ ማስተካከያ ይስተካከል። ቁመት ከመጥበቅ በፊት ነው፤ ጎሚኒው ከጠበቀ በኋላ «ፊቱ ወርዷልና ባሩን ትንሽ ላንሣው» ማለት የሠራኸውን ሁሉ መልሶ መጠምዘዝ ነው። ቁመቱ ልክ ሲሆን የብራቾውን ቡሎን ጨርሰህ አጥብቅ።

ኃይሉ በመኪናው ማኑዋል የተጻፈው ነው። ማኑዋል ካልተገኘ፣ ራሱ ላይ 8.8 የተጻፈበት 12 ሚሊ ሜትር ቡሎን ወደ 80 ኒውተን ሜትር፣ 14 ሚሊ ሜትሩ ወደ 130 ኒውተን ሜትር ይወስዳል። የኃይል መለኪያ ቁልፍ የሌለው ሰው እንዲህ ያስበው፦ በግማሽ ሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ ለመጀመሪያው 16 ኪሎ፣ ለሁለተኛው 26 ኪሎ ያህል ክብደት የሚስብ ጉልበት። ሁለት ሰው ቱቦ ጨምሮ የሚንጠለጠልበት ሥራ አይደለም። ሲያበቃ በዳዶውና በጆሮው ላይ በቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሰመር። ከዚያ ወደ ዊል አላይመንት፤ ብራቾ ተፈትቶ ገብቶ ያለ አላይመንት የሄደ መኪና ጎማውን በአንድ ጎኑ ሊበላ ይችላል።

ወደ ሦስቱ ምክሮች ልመለስ። የብረት ቦኮላው ሐሳብ የመጣው ከጭነት መኪና ነው። በአይሱዙ ባሌስትራ (ተደራርቦ መኪናውን የሚሸከመው ዝርግ ብረት) ፒን ላይ ግራሶ መርጫ ያለው ቦኮላ አለ፤ እሱ ከመጀመሪያውም እንዲንሸራተት ተብሎ ተሠርቷል፣ በየጊዜው ግራሶ ይጠጣል፣ ደህናም ይሠራል። በአይሱዙ ላይ እጁን የፈታ መካኒክ ያንኑ ጥበብ ወደ ሚኒባስ ቢያመጣ አይገርምም። ያንተ ብራቾ ግን ግራሶ መግቢያም አቧራ መከላከያም የለውም። መረሬው ጭቃ ገብቶ ቦኮላውንና ቡሎኑን እንደ ሞረድ ይፈጫቸዋል። ከዚያም በላይ የብራቾው እንቅስቃሴ ሽቅብና ቁልቁል ብቻ አይደለም፤ ፍሬን ሲያዝ ወደኋላ፣ ጉድጓድ ሲመታ ወደ ጎን ትንሽ ይታጠፋል። ላስቲኩ ያንን ይውጠዋል። ብረት አይውጥም፤ ወደ ሻንሲው ጆሮ ያስተላልፈዋል፣ ጆሮውም አንድ ቀን ከብየዳው ሥር ይሰነጠቃል። በጎሚኒ ዋጋ ፋንታ ሻንሲ ማስበየድ ይመጣል፤ ደጀን አልፈህ አባይ በረሃን ስትወርድ ደግሞ፣ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ፍሬን እየያዝክ፣ ያ ጆሮ ተሳፋሪውን ሁሉ ይዟል። ይህን አታድርገው።

ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠው ላስቲክ ከብረቱ ጋር አልተጣበቀም፤ ስለዚህ አይጠመዘዝም፣ ይፋተጋል እንጂ። ውስጡ ያለው ክርና የብረት ሽቦ ቱቦውን ይሞርዳል፣ ውፍረቱም ዙሪያውን እኩል አይሆንም። ጭስ ማውጫ ለማንጠልጠል ይሁን፤ መሪ የሚያዝበት እግር ላይ ቦታ የለውም።

ጠንካራው ፕላስቲክ መሰሉ ፖሊዩሪታን ነው። ዘይት አይጎዳውም፣ ከላስቲክም ይጠነክራል። ከውስጡ ቱቦ ጋር ስላልተጣበቀ ግን የሚሠራው በመንሸራተት ነው፤ ሲገባ የሲሊኮን ግራሶ ይፈልጋል፣ አቧራና ጭቃ ሲገባው ይጮኻል፣ በየጊዜው ፈትቶ ማጠብ ይጠይቃል። ለኋላ ባሌስትራ ማያያዣ ደህና ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ። ለፊት ብራቾ ግን፣ በተለይ ክፍተት ያለው ጎሚኒ ለነበረበት፣ ያ ልስላሴ ስለሚጠፋ ምቱ ሁሉ ወደ መሪና ወደ ሻንሲ ይሄዳል። በጠጠር መንገድ ቀኑን ሙሉ ለሚንቀጠቀጥ ተሳፋሪ ልዩነቱ ይሰማዋል። ለአንተ ምክሬ መልካም ላስቲክ፣ በትክክል የገባ።

ስለ ኋላ እግር ባትጠይቅም ከዚያው ሥራ ጋር ይታይ። የባሌስትራው ጎሚኒ ብዙውን ጊዜ ለሁለት የተከፈለ፣ ከወዲህና ከወዲያ የሚገባ ላስቲክ ነው። በሳሙና ውኃ ይገባል፤ ዳዶው መኪናው መሬት ላይ ሆኖ ነው የሚጠብቀው። ሚኒባስህ ባዶውን የሚሄድበት ቀን ስለሌለ ደግሞ የኋላውን ስታጠብቅ ጥቂት ሰው ወይም የጤፍ ኩንታል ውስጡ ቢኖር ባሌስትራው ዘወትር በሚቆምበት ቁመት ላይ ይሆናል። ጫፉ በዳዶና በሮንዴላ የሚታሰር አሞርዛተር ላይ ላስቲኩ እስከ ሮንዴላው ጠርዝ ድረስ ሲያብጥ አቁም፤ ከዚያ አልፎ ከተጨፈለቀ በሳምንታት ይሰነጠቃል።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ላቫጆው። ክረምት ላይ ጭቃው ከታጠበ በኋላ ሥሩን ናፍጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት መርጨት የተለመደ ነው፤ ዝገት ይከላከላል ተብሎ። ለብረቱ ይሁን፣ ለጎሚኒው ግን መርዝ ነው። ከተጠራጠርክ ከአሮጌው ላስቲክ ሁለት እኩል ቁራጭ ቁረጥ፣ አንዱን ናፍጣ ውስጥ አሳድረህ ጠዋት ከሌላው ጋር አስተያየው፤ አብጦና ለስልሶ ታገኘዋለህ። ብራቾህ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው፣ ብቻ ቀስ ብሎ። ላቫጆ ስትገባ «በውኃና በሳሙና ብቻ» በል። ከሞተር ወይም ከመሪ ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነም ጎሚኒው ከመቀየሩ በፊት መፍሰሱ ይቁም፤ ያለዚያ ሦስተኛውም እንደ ሁለቱ ይሆናል።

500 ኪሎ ሜትር ያህል ከሠራ በኋላ ሥሩ ገብተህ በቀለም ያሰመርካትን መስመር እይ። ዳዶው ላይ ያለችው ጆሮው ላይ ካለችው ከተዛነፈች ዳዶው ላልቷል፤ መኪናው መሬት ላይ እንዳለ ድጋሚ ይጠበቅ። መስመሯ ልክ ሆና ኳኳታው ከቀጠለ ግን ጎሚኒውን አትንካው፤ የጎማ መፍቻውን ብረት ይዘህ ወደ ቴስቲናው ሂድ።